ዝነኛውን ጉልበት የሰጠው ማነው?



ባለፈው ወር አንዲት እናት ዝግጅት ክፍላችን ድረስ መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ድምፀ መልካም ናት፤ በመድረሳ በዓል ላይ ነሺዳ ስታቀርብ የሰማት ሁሉ ያደንቃታል። በቅርቡ ስሙ በሰፊው የሚታወቅ አንድ ሰው በስልክ የተቀረጸ ድምጿን ሰምቶ «ስቱዲዮ ትምጣና አንድ ሥራ እናስቀርጻት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» የሚል መልእክት ላከ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነገር ነው። ግን ከመልእክቱ ጋር ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል፤ ማታ እንድትመጣ፣ ብቻዋንም እንድትመጣ። እናትየዋ «አብሬያት እመጣለሁ» ሲሉ ሰውየው ቅር አለው፤ «አላመናችሁኝም ማለት ነው» አለ።

ይህን የሰሙ ዘመዶችና ጎረቤቶች ግን በሰውየው ሳይሆን በእናትየዋ ላይ ተነሡ። «እንዲህ ያለ ታዋቂ ሰው ይጠረጠራል? ስንቱ ደጅ የሚጠናውን ዕድል በገዛ እጅሽ ልትዘጊባት ነው? ደግሞስ የሰው ስም ማጉደፍ ኃጢአት አይደለም?» አሏቸው። እናትየዋም ግራ ተጋብተው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እነርሱ?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛ ሰውየውን አናውቀውም። ምናልባት ልቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ምንም አንፈርድም። ያሳሰበን የሰውየው ጉዳይ ሳይሆን የጎረቤቶቹ መልስ ነው። «ታዋቂ ነውና አይጠረጠርም» የሚለው ይህ አነጋገር ምን ያህል ልጆችን ዋጋ እንዳስከፈለ የሚያሳይ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የተረጋገጠ አንድ ታሪክ ስላለ፣ መልሳችንን ከመስጠታችን በፊት እርሱን ማውሳት መረጥን። ታሪኩ የሩቅ አገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ከደጃችን የራቀ አይደለም።

ሠላሳ ዓመት የፈጀ ፍርድ

ሮበርት ኬሊ፣ በሙዚቃ ስሙ አር ኬሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ስለ አሜሪካው ጉዳይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ በአገሩ ካሉት ታላላቅ ዘፋኞችና የዘፈን ደራሲዎች አንዱ ሆነ። በ1996 የወጣው «አይ ቢሊቭ አይ ካን ፍላይ» የተሰኘ ዘፈኑ በ1998 ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን አስገኘለት። በእኛም አገር የዚያ ዘመን ወጣቶች ብዙዎቹ ዜማውን ያውቁታል።

ይህ ሰው በ1994 አሊያ ለምትባል ታዳጊ ድምፃዊት የመጀመሪያ አልበሟን አዘጋጀላት። የአልበሙ ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የ27 ዓመቱ ኬሊ የ15 ዓመቷን ልጅ አገባት። በጋብቻው ሰነድ ላይ ዕድሜዋ 18 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቫይብ የተባለ የሙዚቃ መጽሔት ሰነዱን አውጥቶ አሳተመው፤ ጋብቻውም በቀጣዩ ዓመት እንዲፈርስ ተደረገ። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ጥቂት ተነጋገረበትና ዘፈኑን መግዛቱን ቀጠለ። አሊያ በ2001 በ22 ዓመቷ በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተች ቃሏን በችሎት ለመስጠት አልታደለችም።

በ1996 ሌላ ወጣት ሴት ለአካለ መጠን ሳልደርስ በደል ፈጽሞብኛል ስትል ከሰሰችው። ጉዳዩ በ1998 በገንዘብ ስምምነት ተዘጋ። በ2000 መጨረሻ ላይ ቺካጎ ሰን ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እንዲህ ያሉ ክሶች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ገለጠ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ጂም ዴሮጋቲስ የሙዚቃ ሐያሲ ነበር። በ2002 ማን እንደላከው ያልታወቀ የቪዲዮ ካሴት ደረሰው፤ ጋዜጣውም ለፖሊስ አስረከበው። በካሴቱ ላይ ኬሊ ከአንዲት ታዳጊ ጋር ይታያል ተባለና ክስ ተመሠረተበት።

ክሱ ተመሥርቶ ችሎቱ እስኪጀመር ስድስት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ተከሳሹ አልበሞች አሳተመ፣ በየመድረኩ ዘፈነ፣ ሚሊዮኖችም ገዙት። በ2008 ችሎቱ ሲሰየም በካሴቱ ላይ አለች የተባለችው ልጅም ወላጆቿም ለምስክርነት አልቀረቡም። በዚያ አገር ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ከተራው ሕዝብ የሚመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም በ14ቱም ክሶች ነጻ አሉት። ሕዝቡም «ይኸው ነጻ ወጣ፤ ስሙን ሲያጠፉት ኖረዋል» አለ።

ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በ2022፣ ያቺው ልጅ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት ሆና በቺካጎ ችሎት ቆመች። በካሴቱ ላይ ያለችው እርሷ መሆኗን፣ ያኔም 14 ዓመቷ እንደነበር፣ በ2002 ተጠይቃ ሐሰት መናገሯን፣ ኬሊም እርሷንና ወላጆቿን ከአገር ወጥተው እንዲቆዩ እንዳደረገ መሰከረች። እንግዲህ በ2008 የተሰጠው ፍርድ ነጻ ያወጣው እውነቱ ተመርምሮ ሳይሆን እውነቱ ከአዳራሹ ውጭ እንዲቀር ስለተደረገ ነበር።

ከዚያ በፊት ነገሩ መፈንዳት ጀምሮ ነበር። በ2017 ዴሮጋቲስ ወጣት ሴቶች በዘፋኙ ቤቶች ውስጥ ከወላጆቻቸው ተቆርጠው እንደሚኖሩ ጻፈ። በዚያው ዓመት በአትላንታ ከተማ ሁለት ሴቶች ዘፈኑ ከሬድዮና ከመድረክ እንዲነሣ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀመሩ። በጃንዋሪ 2019 የተበደሉት ሴቶች ራሳቸው ፊታቸውን ገልጠው የተናገሩበት ባለ ስድስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ወር የሙዚቃ ኩባንያው ከሰውየው ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። በሴፕቴምበር 2021 በኒውዮርክ ብሩክሊን በዘጠኙም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2022 ዳኛ አን ዶኔሊ 30 ዓመት እስራት ፈረዱበት። በቺካጎው ችሎት ደግሞ ከ13 ክሶች በስድስቱ ጥፋተኛ ሆኖ በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከዚህ ውስጥ 19ኙ ዓመት ከመጀመሪያው ቅጣት ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው። የብሩክሊኑን ፍርድ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2025 አጽንቶታል።

ከ1994 ተነሥተን ብንቆጥር ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በእያንዳንዱ የዝምታ ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ አለች። ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን፣ በሚሊዮኖች ዐይን ፊት፣ እንዴት ሊቀጥል ቻለ?

ብቻውን አልነበረም

በብሩክሊን የተመሠረተው ዋናው ክስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ዐቃቤ ሕግ የተጠቀመው በ1970 የወጣን፣ በመጀመሪያ የማፊያ ቡድኖችን ለመያዝ የታሰበን ሕግ ነው። ክሱ ኬሊ መጥፎ ሰው ነው በማለት አላበቃም፤ በዙሪያው ልጃገረዶችን ለእርሱ የሚያቀርብና በደሉን የሚሸፍን ድርጅት ነበረ ብሎ አስረዳ። ሥራ አስኪያጆች፣ ጠባቂዎች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ተላላኪዎች ሁሉ በዚያ ድርጅት ውስጥ ተቆጠሩ።

በችሎት የተሰማውን እናስተውል። የቀድሞ የጉዞ ሥራ አስኪያጁ አሊያ 18 ዓመት እንደሞላት የሚያሳይ መታወቂያ ለማግኘት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ 500 ዶላር ጉቦ እንደሰጠ መሰከረ። የሙዚቃ ዝግጅት ሲኖር ከዘፋኙ ሰዎች አንዱ ወደ ታዳሚው ወርዶ የዘፋኙ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ለወጣት ሴቶች ይሰጣል። ሌላው የጉዞ ትኬት ይቆርጣል። ሌላው በመኪና አምጥቶ ያወርዳል። ሌላው በር ላይ ይቆማል። ነገሩ ሲወጣ ደግሞ ጠበቃ ይመጣና የተበደለችው ገንዘብ ተቀብላ ሁለተኛ እንዳትናገር ውል ያስፈርማል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውንም ብንጠይቅ «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» ይሉናል። ሾፌሩ መኪና ነዳ፤ ትኬት ቆራጩ ትኬት ቆረጠ፤ ጠባቂው በር ጠበቀ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በደልም እንዲሁ ነው፤ ለብዙ እጅ ሲከፋፈል ማንም ክብደቱን አይሰማውም። የሚሰማት ያቺ ልጅ ብቻ ናት።

ከአጃቢዎቹ ባሻገርስ? ኩባንያው ስለ ሰውየው የሚወራውን አልሰማም ማለት ይከብዳል፤ በጋዜጣ የወጣ፣ በፍርድ ቤት የተከሰሰ ነገር ነውና። ግን ዘፈኑ ይሸጣል። ታላላቅ ዘፋኞችም አብረውት ሠርተዋል። ሌዲ ጋጋ በ2013 አብራው የቀረጸችውን ዘፈን ከገበያ ያነሣችው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይታ፣ ዘጋቢ ፊልሙ ከታየ በኋላ ነው፤ ያኔም ይቅርታ ጠይቃለች። በመጨረሻም አድማጩ አለ። ፊልሙ በታየባቸው ቀናት የኬሊ ዘፈኖች አድማጭ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። ገንዘቡ ከዚያ ይመጣል፤ ጠበቃውም ጠባቂውም ጉቦውም የሚከፈለው ከዚያው ገንዘብ ነው።

የዝነኛው ጉልበት እንግዲህ ከጡንቻው የመጣ አይደለም። አንዱ በማጨብጨብ፣ አንዱ በማገልገል፣ አንዱ በመክፈል፣ አንዱ ዐይኑን በመጨፈን ያዋጣው ነው። እነዚያ የእናትየዋ ጎረቤቶችም «እንዲህ ያለ ሰው አይጠረጠርም» ሲሉ ሳያውቁት ከዚሁ መዋጮ የድርሻቸውን እየከፈሉ ነው።

ልጆቹ ለምን ዝም አሉ?

«እውነት ከሆነ ለምን ያኔውኑ አልተናገረችም? ለምንስ ጥላው አልሄደችም?» የሚል ጥያቄ በሁሉም አገር ይነሣል። በብሩክሊን ችሎት ዘጠኝ ሴቶችና ሁለት ወንዶች በደል ደርሶብናል ብለው መስክረዋል። አዎን፣ ወንዶችም ነበሩበት፤ ወንዶች ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም ይህን ልብ በሉ። ከተናገሩት ውስጥ መልሱን እናገኛለን።

ሴቶቹ ከክፍላቸው ለመውጣት፣ ለመብላት፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ስልካቸው ይወሰዳል። ሰፋፊ ልብስ እንዲለብሱ፣ ሌላ ወንድ ቀና ብለው እንዳያዩ ይታዘዛሉ። ሰውየውን «አባቴ» ብለው እንዲጠሩት ይገደዳሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ ያላደረጉትን ነውር አድርገናል፣ ሰርቀናል፣ ዋሽተናል እያሉ በገዛ እጃቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ ይደረጉ ነበር። ደብዳቤው በእርሱ እጅ ይቆያል፤ አንዲቱ አፏን ብትከፍት ያ ወረቀት ይወጣባታል።

አንባቢ ሆይ! ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ምስጋናና ተስፋ ነው፦ «ድምፅሽ ድንቅ ነው፤ እኔ ትልቅ ሰው አደርግሻለሁ።» ቀጥሎ ስጦታ፣ ቀጥሎ ምሥጢር፣ ቀጥሎ ከቤተሰብ መራቅ መጣ። ቁጣውና ድብደባው የመጣው ልጅቷ መመለሻ ካጣች በኋላ ነው።

ወላጆችስ የት ነበሩ? ይህ በጣም ያሳዝናል። አንዳንዶቹ ልጃቸውን ወደ ዘፋኙ ይዘው የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ስለ ሰውየው የሚወራውንም ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን «ፍርድ ቤት ነጻ ብሎታል፤ እኛም አብረናት እንሆናለን» ብለው አሰቡ። ክፉ ወላጆች ስለነበሩ አይደለም፤ የልጃቸው ተሰጥኦ ቦታ እንዲያገኝ ስለጓጉ ነው። ዝነኛው ሰው የሚገባበት በር ይህ መልካም ምኞታችን ነው።

ለመናገር የደፈሩትም ቢሆኑ በሰላም አልተናገሩም። በ2018 መጨረሻ ዘጋቢ ፊልሙ በኒውዮርክ ለተመልካች ሊቀርብ በነበረበት አዳራሽ ስልክ ተደውሎ «ተኩስ ይከፈታል» ስለተባለ ሰው ተበተነ። በ2020 ደግሞ በፍሎሪዳ ከከሳሾቹ አንዷ በነበረችበት ቤት የቆመ መኪና ተቃጠለ፤ ያቃጠለው ሰው ጥፋቱን አምኖ ታስሯል። ሰዎች ዝም የሚሉት ለዚህ ነው። ሆኖም አንዷ ስትናገር ሌላዋ በረታች፤ ሁለቱ ሲናገሩ ሦስተኛዋ ወጣች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በእነርሱ ደረሰ።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የሾን ኮምስን ጉዳይም ይመልከት። የራሱ የሙዚቃ ኩባንያ ባለቤት የሆነው ይህ ሰው ካሲ የተባለችውን ድምፃዊት በ19 ዓመቷ በአሥር አልበም ውል አስፈረማት። የፍቅር ጓደኛዋም የሥራዋ አዛዥም እርሱው ሆነ። በ2016 በአንድ ሆቴል ኮሪደር ሲደበድባት የሆቴሉ ካሜራ ቀርጾታል። የሆቴሉ ጥበቃ ሠራተኛ ቅጂውን ለኮምስ በ100,000 ዶላር እንደሸጠው በኋላ በችሎት መስክሯል። ሕዝብ ምስሉን ያየው ከስምንት ዓመት በኋላ በ2024 ነው። በ2025 የተሰየመው ችሎት ኮምስን ከከባዶቹ ክሶች ነጻ አድርጎ፣ ሰዎችን ለዝሙት ተግባር ከቦታ ቦታ በማጓጓዝ ወንጀል ብቻ ጥፋተኛ ብሎታል፤ የ50 ወር እስራትም ተፈርዶበታል። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ከዚያ አልፈን አንናገርም። ግን እዚህም ያው ነው፤ አንድ ሰው መታ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ገንዘብ ተቀብሎ ማስረጃውን አሳልፎ ሰጠ።

ነውር መሸፈንና በደል መደበቅ

እኛ ሙስሊሞች የሰውን ነውር እንድንሸፍን፣ ሐሜትን እንድንርቅ፣ ያለ ማስረጃ የሰውን ክብር እንዳንነካ ታዘናል። ይህ ታላቅ አደብ ነው። ነገር ግን ይህን አደብ በዳይ እንደ ጋሻ ሲይዘውም እናያለን። አንድ ሰው በራሱና በጌታው መካከል የሠራውን ስሕተት መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ልጅ ላይ እየደጋገመ የሚሠራውን በደል መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እዝነት ነው፤ ሁለተኛው የበደሉ ተካፋይ መሆን ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ከመኽዙም ጎሣ የሆነች አንዲት ትልቅ ቤተሰብ ያላት ሴት ሰርቃ በተያዘች ጊዜ ቁረይሾች ተጨንቀው፣ ነቢዩ የሚወዷቸውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን አማላጅ አድርገው መላካቸው የታወቀ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በምልጃው ተቆጥተው፣ ከእናንተ በፊት የነበሩትን ያጠፋቸው ባለ ክብሩ ሲያጠፋ እያለፉ ደካማውን ብቻ መቅጣታቸው መሆኑን ለሰዎች ተናገሩ። ለቺካጎው ታሪክም ከዚህ የበለጠ መግለጫ አናገኝለትም።

እዚህ ላይ ስለራሳችንም እንናገር። በአሜሪካ ጠበቃ ይዞ የሚመጣውን ዝም የማሰኛ ውል እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። ልጅ ስትበደል «ነገሩ ይብረድ፤ የቤተሰብ ስም አይጥፋ፤ ካሳ ይከፈልና ይታረቁ» ይባላል። አንዳንዴም «እርሱው ያግባት» ይባላል። ሽምግልና የተከበረ ነገር ነው፤ የከብት፣ የድንበር፣ የባልና ሚስት ጠብ ያበርዳል። የልጅን መደፈር ለማብረድ ግን አልተሠራም። በዳዩ ካሳ ከፍሎ ከወጣ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ኬሊ በ1998 ከፍሎ ከወጣ በኋላ ስንት ልጆች እንደተከተሉ አይተናል።

ዝነኛ ስንልም ዘፋኝ ብቻ አይምሰለን። በአንድ ሰፈር ሀብታሙ ነጋዴ ዝነኛ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት መምህሩ ዝነኛ ነው። በአንድ መድረሳ ኡስታዙ፣ በአንድ ቡድን አሠልጣኙ፣ ዛሬም በስልክ መስኮት ብዙ ተከታይ ያለው ወጣት ዝነኛ ነው። አብዛኞቹ ንጹሐን ናቸው፤ አላህ ይጠብቃቸው። ንጹሑ ሰው ግን ጥንቃቄያችንን አይጠላም፤ ራሱንም ከሐሜት ይጠብቅለታልና።

ለእህታችን የምንሰጠው መልስ

ውድ እህታችን፤ እርስዎ አልተሳሳቱም። ጥንቃቄ ክስ አይደለም። «ልጄ ብቻዋን ማታ አትመጣም» ማለት «አንተ ወንጀለኛ ነህ» ማለት አይደለም። ማንንም አልወነጀሉም፤ የማንንም ስም አላጎደፉም። የእናትነት ሥራዎን ሠሩ። ስለሆነም ለእርስዎና እንደ እርስዎ ላሉ ወላጆች ሁሉ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሥራው እውነተኛ ከሆነ በቀን፣ ወላጅ ባለበት ይሠራል። ድምፅ ለመቅረጽ ጨለማም ብቸኝነትም አያስፈልግም። ወላጅን የማያስገባ ስቱዲዮ ልጅዎንም አያስገባ።

ሁለተኛ፣ ልጅዎ 18 ዓመት ስላልሞላት በሕግ ፊት ስለ እርሷ የሚዋዋለው ወላጅዋ ወይም ሞግዚቷ ነው። ወረቀት ከመጣ ቤት ወስደው ያንብቡት፤ ሕግ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። «አሁኑኑ ካልፈረማችሁ ዕድሉ ያመልጣል» የሚል ሰው ካለ ዕድሉ ይምለጥ።

ሦስተኛ፣ ሰውየው በየትኛው መድረክ እንደሚታይ ሳይሆን ከመድረክ ጀርባ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚህ በፊት አብረውት የሠሩ ሴት ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ምን ይላሉ? ጥቂቶች እንኳ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ከሆነ ዝምታቸውን ያድምጡ።

አራተኛ፣ ልጅዎን አብረው ያስተምሩ። «ለእናትሽ አትንገሪ» የሚል ማንኛውም ትልቅ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያንኑ ዕለት ለእናት ሊነገርበት የሚገባ ሰው መሆኑን ትወቅ። በሌሊት የሚላክ መልእክት፣ የፎቶ ጥያቄ፣ ምሥጢራዊ ስጦታ ሁሉ ከዚሁ ይመደባሉ። ነገር ግን ልጅ የምትነግረን ስንሰማት ነው። ትንሹን ስትነግረን ከጮህንባት ትልቁን አትነግረንም።

አምስተኛ፣ አላህ አያድርገውና በደል ከደረሰ፣ የመጀመሪያው ቃላችን «አምኜሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የሚል ይሁን። «ለምን ሄድሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለበዳዩ እንተውለት፤ እርሱ ይመልሰው። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ልብሷን ሳያጥቡ ይዘው ይሂዱ፤ ማስረጃ ነው። የተላኩ መልእክቶችንም አያጥፉ። ከዚያም ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ማመልከት ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ በደል ይቀጣል፤ «ፈቅዳ ነው» የሚለው ምክንያት በዳዩን አያድነውም። አንቀጽ 625 ደግሞ አሳዳጊ፣ አስተማሪ ወይም አሠሪ በመሆን ወይም በመሰለ ሁኔታ ያገኘውን የበላይነት መሣሪያ አድርጎ ሴትን የሚበድል ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አቤቱታ ካልቀረበ ግን ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ይቀራል።

ወጣቶች ሆይ! ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የምትወዱት ድምፃዊ፣ የምታደንቁት ሰው ተከሰሰ ሲባል ለመፍረድም ለመከላከልም አትቸኩሉ። ከሳሿን በስልካችሁ መስኮት ላይ መሳደብ ግን ከአጃቢዎቹ አንዱ መሆን ነው። ያ የብሩክሊን በር ጠባቂ በር ላይ የቆመው ደመወዝ እየተከፈለው ነበር፤ እኛ ያለ ደመወዝ አንቁምለት።

እህታችን፣ ለሰውየው እንዲህ ብለው ይመልሱለት፦ «ስለ ልጄ ያሰብከውን መልካም ነገር አላህ ይክፈልህ፤ ቅዳሜ በጠዋት እኔና አባቷ ይዘናት እንመጣለን።» ልቡ ንጹሕ ከሆነ ደስ ብሎት ይቀበላችኋል፤ ልጅዎም ነሺዳዋን ትቀርጻለች፤ እኛም በደስታ እንሰማታለን። እምቢ ካለ ግን እርስዎ የዘጉባት ዕድል የለም፤ የዘጋው እርሱ ነው። ለጎረቤቶችዎም ይህን ጽሑፍ ያስነብቧቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የተበደሉትን ልብ ይጠግን፤ እኛንም ከበዳይና ለበዳይ በር ከሚከፍት ያርቀን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።